ዓይን የሌለውን እንጀራችንን ለገዛችሁ ሁሉ

ባለፈው እሑድ የታናሽ እህታችን ሠርግ በሰላም ተፈጽሟል። የሽሮ ሜዳ ጎረቤቶቻችን፣ የዕድራችን አባላት፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ደስታችንን የተካፈላችሁ ሁሉ፣ እኔና ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። ድንኳኑ ውስጥ ማይክራፎን ተሰጥቶኝ ነበር፤ ገና አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያልተናገርኩትን ዛሬ እጽፈዋለሁ።

የሰፈሩ ሰው ታሪካችንን ያውቀዋል፤ የሙሽራው ወገኖች ግን የሰማችሁት ግማሹን ነው። አባታችን የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው በኋላ ጅቡቲ ይመላለስ ጀመር። በ1993 ሞተ። የሚነዳው የግለሰብ መኪና ስለነበር ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው። እናታችን በሚያዝያ 1995 ተከተለችው። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ያችን የሁለት ዓመት ልዩነት ስንት ጊዜ በጣቴ እንደቆጠርኳት አልነግራችሁም። እኔ 14፣ ወንድሜ 10፣ ሙሽራዋ 3 ዓመታችን ነበር።

ችግር ቤታችን የገባው ግን በቀብሩ ማግስት አይደለም። እናቴ ጠላ ጠምቃ ትሸጥ ነበር። ጎኗ ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣባት ጊዜ ወሬው ከቤት ቤት ዞረ፤ በአንድ ወር ውስጥ ጣሳ የሚያነሳ ሰው ጠፋ። አንድ ጋን ሙሉ ጠላ ሆምጥጦ ሲደፋ አይቻለሁ። ከዚያ ሬዲዮው ተሸጠ፣ ቁም ሣጥኑ ተሸጠ፣ በመጨረሻም አልጋው። የልብስ ስፌት መኪናዋን እናቴ ለእኔ ብላ አላስነካችም ነበር። በአርባዋ ማግስት አንድ ዘመዳችን «በአደራ ላስቀምጥላችሁ» ብለው ወሰዱት። አደራው እስከ ዛሬ እንደተቀመጠ ነው።

እትዬ፣ ስምዎን ባነሳ እንደሚቆጡ ስለማውቅ አላነሳም። እናቴ በተኛችበት ጊዜ የራስዎን ቡና ይዘው መጥተው በእኛ ሲኒ ጠጡ፤ መንገደኛው እንዲያይ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው። እሷ ካለፈች በኋላ እንጀራ ልሽጥ ብዬ ስነሳም፣ ጠላው ከተደፋበት ቤት ማን ይገዛል ሲባል፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እርስዎ ሆኑ። ያኔ የእኔ እንጀራ እንጀራ አልነበረም። ሊጡ ይቀጥንብኛል፣ ምጣዱ ሳይግል እጀምራለሁ፣ ዓይን አያወጣ፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። በየሁለት ቀኑ 10 እንጀራ ገዙኝ። አንድ ቀን ዋጋ አልተከራከሩኝም፤ አንድ ቀንም ጨምረው አልሰጡኝም። ጨምረው ቢሰጡኝ ምጽዋት ይሆንብኝ ነበር። እንጀራውን ድርቆሽ ያደርጉት እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከልጅዎ ነው። እርስዎን አይተው ሌሎች ሁለት ቤቶች መግዛት ጀመሩ፤ ቆይቶም አንድ ምግብ ቤት። «የቀበሌ ቤቱ በልጆች እጅ አይቀመጥም» የተባለ ጊዜ ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርበው ሞግዚታችን ሆኑ።

የዕድራችን ዳኛ ጋሼ፣ የሰባት ወር መዋጮ ስላልከፈልን ስማችን ይሰረዝ ሲባል «አይሰረዝም፤ ዕዳው ይጻፍባቸው» አሉ። አልማሩንም፤ ጻፉብን። በወቅቱ ጨካኝ መስለውኝ ነበር። በ1998 የመጨረሻዋን ብር ስከፍል ግን ደረሰኝ ቆርጠው እንደ ማንኛውም አባል በእጄ ሰጡኝ። ደረሰኙ አሁንም አለኝ። ሽማግሌዎች ልጅቷን ሊጠይቁ ሲመጡ በአባታችን ቦታ ማን ይቀመጥ ብለን አልተነጋገርንም፤ ሦስታችንም ወደ እርስዎ ነው የመጣነው።

ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ ማግ በቀሰም እየጠቀለለ ደብተሩን ይገዛበት የነበረው ሸማኔ ጎረቤታችን፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ራሳቸው ሠርተው አመጡ። ሒሳቡን ቢጠየቁ «ልጁ ያኔ ብዙ ማግ አበላሽቶብኛል፣ ይህንንም በላዩ ደምሩበት» ብለው ሳቁ።

ስንዴና ዘይት ላመጡልንም ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ በልተነዋል፣ አድገንበታል። ዘይቱን አቅፈን የተነሳነውን ፎቶግራፍ ግን ባያነሱን ኖሮ ምስጋናዬ ሙሉ ይሆን ነበር። ፎቶው በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወንድሜ ለሳምንት ከክፍል ቀርቷል።

በዚያን ጊዜ ጣሳችንን ያልነካችሁም እሑድ ድንኳናችን ውስጥ ነበራችሁ። ቂም የለኝም ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን ጠላውን የቀዳሁላችሁ እኔ ራሴ ነኝ፣ ደግማችሁም ጠጥታችኋል። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ድንኳኑና ወንበሩ ማክሰኞ ለዕድሩ ተመልሷል። ሁለት ብረት ድስት ቀርቶብናል፤ ታጥቧል፣ ቅዳሜ ይመጣል። የተረፈውን እንጀራ ድርቆሽ አድርገነዋል። እትዬ፣ የእርስዎ ድርሻ በከረጢት ተቀምጧል፤ ይኼኛው ዓይን አለው።