ጣራ ለመቀየር ስንት ብር ይያዝ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ስልካችን ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቤቴ 80 ካሬ ነው፤ ጣራውን ለመቀየር ስንት ትሉኛላችሁ?» እስካለፈው ዓመት ድረስ ለዚህ ጥያቄ እዚያው በስልክ ዋጋ እንናገር ነበር። ዘንድሮ ትተነዋል። ምክንያቱን ማወቅ ስለሚገባችሁ ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍነው።

አምና እዚህ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ደውለው የቤታቸውን ስፋት ነገሩን፣ እኛም ዋጋ ነገርናቸው። ዕቁባቸው እስኪወጣ ጠብቀው ያንኑ ብር ይዘው ጠሩን። ቆርቆሮውን ስናነሳ በማድ ቤቱ በኩል ያለው እንጨት ጭስ ጠግቦ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በመኝታ ቤቱ በኩል፣ ለዓመታት ሲያፈስ በኖረበት ጥግ፣ ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት፣ ማገሩ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር። ማገሩን የሚሸከሙት ሁለት ወራጆችም ግድግዳው ላይ የሚያርፉበት ጫፋቸው በስብሷል። «ልጆቼ፣ እኔ የያዝኩት እናንተ የነገራችሁኝን ብር ነው» አሉን። ቤቱ ተከፍቶ፣ ሸራ ተወጥሮበት አሥር ቀን ሥራው ቆመ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሳናይ ዋጋ መናገር አልነበረብንም። የእንጨቱን ወጪ ግማሹን እኛ ችለን ሥራውን ጨረስን፤ እሳቸው ግን እነዚያን አሥር ሌሊቶች እንዴት እንዳደሩ እስካሁን አይረሳንም።

መጀመሪያ ስለ ካሬው እንነጋገር፤ ብዙ አለመግባባት የሚነሳው እዚህ ላይ ነውና። 80 ካሬ የሆነው ወለሉ ነው እንጂ ጣራው አይደለም። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው እንበል። ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታ ጣራው በየአቅጣጫው 60 ሳንቲም ይወጣል፤ ስለዚህ 9.2 በ11.2 ይሆናል፤ 103 ካሬ ማለት ነው። ተዳፋቱ በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር የሚነሳ ከሆነ ደግሞ 109 ካሬ ገደማ ይደርሳል። በዚያ ላይ ቆርቆሮ ይደራረባል። 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሳንቲም ስፋት ያለው ቆርቆሮ ስትገዙት 1.8 ካሬ ነው፤ በጎን 12፣ በቁመት 18 ሳንቲም ሲደራረብ ግን በእርግጥ የሚሸፍነው 1.4 ካሬ ገደማ ነው።

ብዙ ሰው 80ን ለ1.8 አካፍሎ «45 ቆርቆሮ ይበቃኛል» ብሎ ይመጣል። እኛ ስንቆጥረው 90 ይወጣል። እጥፉ! ያን ጊዜ ሰው ቢጠራጠር አንፈርድበትም። ቁጥሩ እንዲህ ነው የሚመጣው፦ ባለ ሁለት ክንፍ ጣራ ከሆነ የአንዱ ክንፍ ተዳፋት 4.85 ሜትር ነው። ሁለት ቆርቆሮ ተደራርቦ 3.82 ይሄዳል። የቀረውን ለመሸፈን ከመደራረቢያው ጋር 1 ሜትር ከ20 ያህል ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ደግሞ ሁለት ባለ 1 ሜትር ከ20 አይወጣውም። ስለዚህ በየመስመሩ ሦስት፣ በርዝመቱ 15 መስመር፣ በሁለቱ ክንፍ 90 ቆርቆሮ። ሲያልቅ 80 ሳንቲም ገደማ የሆኑ 30 ቁራጮች ይተርፋሉ። እነዚያ የእናንተ ናቸው፤ ለዶሮ ቤትም ለአጥርም ይሆናሉ። ሠራተኛ «ትራፊ ነው» ብሎ ጭኖ እንዳይሄድ ተከታተሉ፤ የእኛም ሠራተኛ ቢሆን። አሮጌው ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። ለቁራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ያልዛገውን ለዩት።

ኢጋ ሺት የሚባለውን ረጅም የጣራ ቆርቆሮ የምንመክረው አንዳንዴ ለዚህ ሲባል ነው። በሜትር ሲታይ ውድ ነው፤ ነገር ግን በልክ ተቆርጦ ስለሚመጣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል፣ በቁመት መደራረብና ትራፊ አይኖርም። አንዳንድ ቤት ላይ ሁለቱን አስልተን ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ ሆኖ አላገኘነውም። አራት ክንፍ ያለው ጣራ ሲሆን ግን በየማዕዘኑ በሰያፍ ስለሚቆረጥ በየትኛውም ቆርቆሮ ብክነቱ ይጨምራል።

ስለ ውፍረት ደግሞ፦ የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይነገራል፤ የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 35 ጌጅ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። 35ቱ ርካሽ ነው፤ ግን ሰው ሲረግጠው ይታጠፋል፣ በረዶ ያጎደጉደዋል፣ ማገሩም ተቀራርቦ እንዲመታ ይፈልጋል። በቆርቆሮው የተረፈው ብር ለማገር በሚሆነው እንጨት፣ በሞራሌ፣ ይወጣል። ለመኖሪያ ቤት ከ30 ጌጅ የሳሳ አንመክርም፤ አቅም ከፈቀደ 28። ከአንድ ሱቅ 28 ተብሎ የተገዛ ቆርቆሮ ስንለካው ሳስቶ ስላገኘነው ከዚያ ወዲህ መለኪያ ይዘን እንሄዳለን። ግዢውን አብረን ወጥተን እናድርግ፣ ደረሰኙም በእናንተ ስም ይቆረጥ።

እንጨቱን ማንም ከታች ሆኖ ሊያውቀው አይችልም። ኮርኒስ ካለ እኛም ሙሉ በሙሉ አናየውም። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ በምንሰጣችሁ የዋጋ ወረቀት ላይ እንጨት ለብቻው ይጻፋል፤ የአንድ ሞራሌና የአንድ ወራጅ ዋጋ ከነእጅ ዋጋው ተቀምጦ፣ ብዛቱ ግን ቆርቆሮው ሲነሳ እናንተ ባላችሁበት ይቆጠራል። ለዚያ የሚሆን መጠባበቂያ ብር ያዙ። ጣራው ሲያፈስ የኖረ ከሆነ መጠባበቂያው በዛ ይበል። ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ምስጥ ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ስላየን ከግድግዳው አናት ያለውን እንጨት ቀድመን እንፈትሻለን።

አንዳንድ ደንበኛ ወጪ ለመቀነስ «አዲሱን በአሮጌው ላይ ምቱልኝ» ይላል። ይህን ሥራ አንቀበልም። የበሰበሰው እንጨት ተሸፍኖ ይቀራል፣ በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል እርጥበት ይታመቃል፣ ክብደቱም ለጭቃ ቤት አይሆንም።

ደሴ ላይ ሌላም ወጪ አለ፤ ሸክም። ጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ያሉ ቤቶች ዘንድ መኪና አይደርስም። ቆርቆሮውም ሞራሌውም ከአስፋልቱ ጀምሮ በሰው ትከሻ ይወጣል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ አንዱን ለሁለት ነው የሚይዙት። ኮምቦልቻ ላይ ብዙውን ጊዜ መኪናው በር ድረስ ስለሚገባ ይህ ወጪ የለም ማለት ይቻላል።

የዋጋ ወረቀታችን የሚያገለግለው ለ7 ቀን ብቻ መሆኑ ቅር ያሰኛቸው አሉ። ቆርቆሮው አገር ውስጥ ቢመረትም ጥቅል ብረቱ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬን ዋጋ ለወር መያዝ አልቻልንም። ከሌላ ሠሪ ዋጋ ስትቀበሉም 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አሸንዳው፣ የጣራውን አናት የሚሸፍነው ኮልሞና ምስማሩ ውስጡ መኖራቸውን ጠይቁ። ርካሽ የመሰለ ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አሸንዳው ነው፤ አሸንዳ የሌለው ጣራ ደግሞ ውሃውን ጎረቤት ላይ ያወርድና ከጎረቤት ያጣላል።

መቀየር የማያስፈልገውም ጣራ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል ብለው የሚጠሩን አሉ። ያ ማፍሰስ አይደለም። የደሴ ሌሊት ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፣ የቤቱ ትንፋሽና የማብሰያው እንፋሎት ሲነካው ውሃ ይሆናል። መተንፈሻ ቀዳዳ መክፈት ይበቃል። በ2014ቱ ጦርነት ጥይት የበሳቸውና በካትራሜ (በሬንጅ) የተደፈኑ ቆርቆሮዎችም፣ ቀዳዳው ጥቂት ከሆነና እንጨቱ ካልራሰ፣ የተበሱትን ብቻ ለይቶ መለወጥ ይቻላል። የቀበሌ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ከቀበሌው ፈቃድ ያዙ።

ለሥራው የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ከየካቲት በኋላ በልጉ ሊመጣ ይችላል። በሰኔ የሚጠራን ሰው ተራ ይጠብቃል፣ እንጨቱም ሳይደርቅ ይመታል።

ስትደውሉልን ሦስት ነገር ንገሩን፦ ጣራው ከተመታ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ የሚያፈሰው በየት በኩል እንደሆነና መኪና እስከ የት እንደሚገባ። ለመለካት ስንመጣ ገንዘብ አንጠይቅም። ደሴ ውስጥ በሁለት ቀን ውስጥ እንደርሳለን፤ ኮምቦልቻ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወርዳለን። ከለካን በኋላ የቆርቆሮውን ብዛት ከነአቆጣጠሩ በወረቀት ጽፈን እንሰጣችኋለን፤ ሥራውን ለሌላ ብትሰጡትም ወረቀቱ የእናንተ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጣራ ሥራ ቡድናችሁ
ደሴ