ለዩልኝ ብዬ ሰጠኋችሁ እንጂ አዲስ አርጉልኝ አላልኩም

ለድርጅቱ ማናጀር፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስልክ የሚያነሳው ልጅ «ጋሼ አይጨነቁ ላለቃ እነግራለሁ» ከማለት ውጪ ሌላ መልስ ስለሌለው በጽሁፍ ላርገው ብዬ ነው። ጉዳዩ ለገጣፎ ያለው ወርክሾፓችሁ የተረከበው ያያቴ ውጅግራ፣ ያ የድሮው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፣ ፈቃድም አለው። የተስማማነው የቱ ክፍል ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ እንደሆነ፣ የቱ ደሞ ኋላ የተቀየረ እንደሆነ ለይታችሁ በወረቀት ልትሰጡኝ፣ ከዛ አቧራውን ጠርጋችሁ የመስታወት ሳጥን ልትሰሩለት ነበር። በቃ ይሄው ነው።

የሰጣችሁኝ ወረቀት «የፈረሰኛ ካርባይን፣ በ1874 ዓ.ም. የተሰራ፣ ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል» ይላል። አረ ተዉ! ሲጀመር 1874 ሞዴሉ የወጣበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ በኛ 1866 እና 67 መሆኑ ነው፣ ጠመንጃው ራሱ የተሰራበት ዓመት ደሞ በርሜሉ ላይ ተመቶ ነበር፣ ነበር ነው የምለው ምክንያቱን ወደታች እመጣበታለሁ። ካርባይን፣ ማለትም አጭሩ የፈረሰኛ ጠመንጃ፣ ያላችሁትም ሜትር ዘርግታችሁ አጠር ሲልባችሁ መሰለኝ። የእግረኛው ውጅግራ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ነው፣ የፈረሰኛው 1 ሜትር ከ17 ገደማ፣ እሺ የኛው ወደ ፈረሰኛው ይጠጋል፣ ግን የፈረሰኛው መዝጊያ እጀታው ወደታች የታጠፈ ነው እኮ፣ የኛው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ነው፣ ስለዚ የእግረኛ ሆኖ ኋላ የተቆረጠ ነው ማለት ነው። አፈሙዙ ጋ በቀኝ በኩል ሳንጃ የሚይዘው ጉጥ የለም፣ አብሮ ተቆርጧል። የፊት ማነጣጠሪያው በናስ የተበየደ የሀገር ቀጥቃጭ ስራ ነው፣ ብየዳው ዙሪያውን ቢጫ ብሎ ይታያል። የመዝጊያው ቁጥር ደሞ ከበርሜሉ ቁጥር ጋር አይገጥምም ነበር፣ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፣ ስለዚ እጀታው ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም የማነጣጠሪያው ብየዳ በርሜሉ መቆረጡን ያሳያል። ወረቀታችሁ ላይ ስለ ቁጥር አንድ ቃል የለም።

ይሄ ሁሉ እንኳን ይታረማል፣ ወረቀት ነው። የማይታረመው ግራይንደር ላይ ብሩሽ አስራችሁ በርሜሉን ብር እስኪመስል መፋቃችሁ ነው። የተመታው ዓመት ሄዷል፣ ቁጥሩም ወደ መብራት ዘንበል ሲደረግ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ፈቃዴ ላይ የተጻፈው እሱ ቁጥር ነው! በአዋጅ 1177/2012 ያለፈቃድ መሳሪያ መያዝ እንደማይቻል ታውቃላችሁ፣ ነገ ፖሊስ አምጣ እናመሳክር ቢለኝ ምን አሳያለሁ፣ የናንተን ሪፖርት? ሰደፉም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በቀኝ በኩል የነበረው ክብ የፋብሪካ ማህተም ጠፍቷል፣ ከላዩ ቫርኒሽ ተለቅልቆ እንደ ሆቴል በር ያብረቀርቃል።

የሰደፉን አንገት ያሰረው ጠፍርስ የት ገባ? እንጨቱ ሲሰነጠቅ አያቴ በእርጥቡ ጠፍሮት እዛው ደርቆ የጠበቀ ቆዳ ነው፣ ኦሪጅናል አይደለም አውቃለሁ፣ ግን ኋላ የተጨመረ ብላችሁ ልትጽፉት ነበር እንጂ በቢላ ቆርጣችሁ ስንጥቁን በኮላ እንድትደፍኑት ማን አዘዛችሁ። ጨምርልን ብላችሁ ያስከፈላችሁኝም ለዚሁ ኮላ ነው።

ስረከብ ደሞ ልጁ «ትንሽ ከጨመሩ የአድዋ ጠመንጃ ብለን ሰርተፍኬት እንሰራለን» አለኝ። ውጅግራ አድዋ ላይ በብዛት መኖሩ እውነት ነው፣ የኛው እዛ መዋሉን ግን እኔ የልጅ ልጁ የማላውቀውን እናንተ በምን አወቃችሁት? ለስንት ሰው እንዲህ እየጻፋችሁ እንደሸጣችሁ እግዜር ይወቀው።

አሁን የምፈልገው የምርመራውንና የእድሳቱን ብር እንድትመልሱልኝ፣ የሳጥኑን አልጠይቅም በደንብ ተሰርቷል። ስትረከቡ ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ቁጥሩ ይታያል፣ እሱን ፎቶ ከነኦሪጅናል ፋይሉ ስጡኝ፣ ቁጥሩን ያጠፋው ወርክሾፓችሁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም በማህተም ጻፉልኝ፣ ለፖሊስ የማሳየው እሱን ነው። ጠፍሩንና የቀየራችኋቸውን ብሎኖች ካልጣላችሁ እንዳሉ መልሱ፣ ዝገት አላቸው ብላችሁ እንዳታጥቧቸው። ልጁን አትቆጡት የታዘዘውን ነው የሰራው፣ ያዘዘው ሰው ግን ራሱ ይደውልልኝ፣ ወይም ሰንዳፋ ሩቅ አይደለምና ብቅ ይበልና ቁጭ ብለን እናውራ።