ወንበሩና መብራቱም ከሕንጻው ጋር ይነደፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጅማ ከተማ በእንጨት ሥራ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁ አናጺ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት አርክቴክቶቻችን የሕንጻውን ንድፍ አስረክበው ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና መብራቱን ለግዢ ክፍል ትተው መሄዳቸው ስለሚያሳስበኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የንባብ ክፍል ጠረጴዛ እንድሠራ ታዝዤ ነበር። ልኩ የተሰጠኝ በወረቀት ስለሆነ ክፍሉን ያየሁት ዕቃውን አስጭኜ ስደርስ ነው። የጠረጴዛው ገጽ ከመስኮቱ ደፍ በአራት ጣት ያህል በልጦ ተገኘ፤ መስኮቱ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት በመሆኑ ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳው አርቀን ወደ መሃል ማስገባት ግድ ሆነብን። መብራቶቹ ግን የተሰቀሉት በግድግዳው ዳር ዳር ነበር። በማግስቱ ሄጄ ሳይ፣ ጀርባዋን ለመብራቱ የሰጠች አንዲት ተማሪ የራሷ ጥላ መጽሐፏ ላይ እየወደቀባት ደብተሯን ወዲያና ወዲህ ታዞር ነበር። በጥሩ ዋንዛ የለፋሁበት ሥራ እንዲህ ሆኖ ማየት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጠናቀቀውን የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የነደፈው ከተኛው ሕመምተኛ ተነሥቶ ነው። ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኮርኒሱን ስለሆነ ቀለሙን ደብዛዛ አረንጓዴ አደረገው፤ መብራቱንም ዓይን በማይወጋበት ቦታ አኖረው። የእጅ መታጠቢያው እንኳ ውሃው ሲወርድ አጠገብ የተኛውን እንዳይረብሽ ታስቦበታል። ከታጠፈ የበርች እንጨት የተሠራው ወንበርም መደገፊያው ዘንበል ያለው መተንፈስ እንዲቀልል ነው። ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰንም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣውን ፒ ኤች 5 የተባለውን መብራት የነደፈው አምፖሉ እንዳይታይ ሸሽጎ ብርሃኑን በክዳኖቹ ላይ እያነጠረ እንዲያወርድ አድርጎ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለጅማ ባዕድ አይደለም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ያለ ምስማር የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማችን ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ እንኳ አይወላወልም፤ አራተኛ እግር ቢጨመርለት ይወላወል ነበር። የቀደሙት ጠራቢዎች መቀመጫውን ያሰቡት ከሚቀመጥበት ወለል ጋር ነው። በጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰውም የእንጨት ጠራቢ እጅ ምን እንደሚችል ያውቃል።

ስለዚህ የሕንጻ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች የመቀመጫውና የመብራቱ ንድፍ የአርክቴክቱ ሥራ አካል እንዲሆን፣ ለዚህም ተገቢው ክፍያ እንዲታሰብለት አጥብቄ እጠይቃለሁ። መቶ ወንበር ከመታዘዙ በፊት ደግሞ አንድ ናሙና ተሠርቶ በክፍሉ ውስጥ፣ በቀንም በማታም፣ ሰው ተቀምጦበት ይታይ። አርክቴክቱም ወደ ሥራ ቤታችን ጎራ ብሎ ጣውላው የት ላይ እንደሚታጠፍና የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ቢጠይቀን፣ መጋዛችንን አቁመን እናሳየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ፣ ከጅማ