ወይኑ ለምን ደፈረሰ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁናል። «ወይኑ ደፍርሷል፤ ከሥሩም አተላ አለው። ተበላሽቶ ይሆን?» አልተበላሸም። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለሆነ በደንብ እናስረዳችሁ።

ቤተሰባችን የሚኖረው ከአቴንስ በስተ ምሥራቅ፣ ሜሶጊያ በሚባለው ሜዳ ነው። የምናለማው ሳቫቲያኖ የተባለውን ነጭ ወይን ነው። ድርቅ ይችላል፤ ውሃ አናጠጣውም። ያለ ድጋፍ፣ መሬት ተጠግቶ ስለሚያድግ የምንለቅመው ጎንበስ ብለን በእጃችን ነው።

ጭማቂው ላይ የተገዛ እርሾ አንጨምርም። ከፍሬው ልጣጭና ከጓዳችን የሚመጣው እርሾ ራሱ ያፈላዋል። ፈልቶ ሲያበቃ በቀስታ ከአተላው ላይ እንገለብጠዋለን እንጂ በማጣሪያ አናሳልፈውም። ትንሽ አተላ ተከትሎ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ማጣሪያው ድፍርሱን ሲወስድ ከጣዕሙም አብሮ የሚወስድ ይመስለናል። ወይን እንዳይበላሽ የሚጠብቀውን ድኝም የምንጨምረው በጣም ጥቂት ነው፤ እሱም ጠርሙስ ውስጥ ስንሞላ ብቻ። ስለዚህ ወይናችን ሙቀት አይወድም።

ስለ ሬትሲናም ጠይቃችኋል። የጥድ ሙጫ የሚሸተው የግሪክ ወይን፣ ሬትሲና፣ በአብዛኛው የሚጠመቀው ከዚሁ ከሳቫቲያኖ ነው። የጥንት ግሪኮች አየር እንዳይገባ የወይን ጋናቸውን በሙጫ ይለስኑ ነበር። ዛሬ ሙጫው የሚገባው ጭማቂው ሲፈላ ነው፤ ወይኑ ሲገለበጥ ደግሞ ይወጣል። ለብዙ ዘመን ደካማ ወይን በሙጫ ብዛት ተሸፍኖ በርካሽ ተሸጠ። የሳቫቲያኖም ስም አብሮ ጠፋ። ይሄ እኛን በጣም ያሳዝነናል። ፍሬው ብዙ ሳይበስል በጊዜ ከተለቀመ ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆያል፤ የሎሚና የደረቅ ሣር ሽታም አለው። በእኛ ሬትሲና ውስጥ ሙጫውን በስሱ የምናደርገው ይህ እንዲሰማችሁ ብለን ነው።

እዚህ ያለው የወይን መሬት እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ የጀመረው የአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈው እዚሁ፣ ስፓታ ላይ ነው። ቤቱና መንገዱም ተከትሎ መጣ። «ነቅላችሁ በገበያ የሚታወቅ የፈረንሳይ ዝርያ ትከሉ» የሚሉን አሉ። አንነቅልም።

ጠርሙሱን ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ አተላው ይዘቅጣል። ስትቀዱ ቀስ በሉ። ትንሽ አረፋ ብታዩ አትደንግጡ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ግን ጥፋቱ የእኛ ነውና መልሱልን፤ ሌላ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወይን ጠማቂው ቤተሰብ