ለሂሩት፣ ሰዓት ለዋጠችው

ሂሩትዬ፣

እንደምን ነሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ በዚህ መጀመር ያሳፍራል። ይቅር በይኝ። ስለ ዝምታዬ እመለስበታለሁ፣ አልሸሽም። አሁን ግን የሰሊን ነገር ካልነገርኩሽ ሌላው አይጻፍልኝም።

ሰሊ የልብ ቫልቭ ሊቀየርላት ነው። ማይትራሉ፣ በግራ የልቧ ክፍል ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር። ልክ እንዳንቺ።

አዎ፣ ያቺው ሰሊ። በሦስት ዓመቷ ደረትሽ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ «ሂሩት ሰዓት ዋጠች!» ብላ ግቢውን የሰበሰበችው። ካርቱም፣ ሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ታክመሽ ከተመለስሽ ገና ወር አልሞላሽም ነበር፤ 2002 ላይ። እማማ ጠጅቱ እንኳ አላስቻላቸውም፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡሽ። አሁን 19 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆም ትልና ስልኳን ታያለች። ለካ ስልክ አይደለም፣ ትንፋሽ እያጠራት ነው፣ እንዳናውቅባት ነው።

ታሪኩን አንቺው ታውቂዋለሽ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታመመች፣ በጨው ውሃ አጉመጠመጥናት፣ ተሻላት ብለን ተውነው። ከዚያ ጉሮሮዋን ካሳመማት ባክቴሪያ ጋር የተጣላው የሰውነቷ መከላከያ ዞሮ የገዛ ቫልቭዋን ያዘ። በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ስትወጋ ኖረች፤ ግን የጀመርነው ዘግይተን ነው። አሁን መጠገን አይቻልም ተባልን።

ዶክተሩ የቫልቩን ናሙና አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል። ዙሪያው ነጭ ጨርቅ ነው። መሃሉ ላይ እንደ በር የሚከፈቱ ሁለት ግማሽ ጨረቃዎች አሉ፣ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ጠቅ አለ። ሂሩት፣ ድምፅሽ ነው! በዚያች ክፍላችን መብራት ሲጠፋ ከአልጋሽ በኩል ሲመጣ የምሰማው። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ሰሊ ደግሞ «እኔ ሳልፈራ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ትለኛለች።

ቆይ፣ አንቺ ያንቺን አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔ እስከዚያ ቀን ብረት ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አብሬሽ ተኝቼ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። አሁን ማታ ማታ ስለዚህ ጥቁር ነገር ሳነብ ነው የማመሸው፣ እንቅልፍ እንደሆነ የለም።

ውስጡ ግራፋይት ነው፣ እርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት። ከላዩ ግን አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ የካርቦን ቅብ አለው፣ ፓይሮሊቲክ ካርቦን ይሉታል። ፕሮፔን ጋዝ፣ ያው ሰው ለማብሰያ የሚጠቀምበት፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ይበታተንና ካርቦኑ እየተነባበረ ግራፋይቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ እስኪያብረቀርቅ ይወለወላል። ከየት እንደመጣ ብነግርሽ ደግሞ አታምኚኝም፣ ከኑክሌር ነው! በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጃክ ቦክሮስ የሚባል ተመራማሪ ሳን ዲዬጎ፣ ጄኔራል አቶሚክ የሚባል የኑክሌር ኩባንያ ውስጥ፣ የዩራኒየም ነዳጅ ቅንጣቶችን በካርቦን ይለብጥ ነበር፣ ጨረር ያለበት ነገር አምልጦ እንዳይወጣ። በዚያው ሰሞን ቪንሰንት ጎት የሚባል የልብ ቀዶ ሐኪም ደም የማይረጋበት ነገር ፍለጋ ግራፋይት እየቀባ ይሞክራል። ቦክሮስ የጎትን ሥራ አንብቦ ተገናኙ። የቦክሮስን ካርቦን ውሾች ደም ሥር ውስጥ ከተቱት፤ ሌሎች ብዙ ነገሮች ወዲያው ሲደፈኑ እሱ ክፍት ሆኖ ቆየ። ከእሱ በፊት የነበሩት ቫልቮች ውስጥ የሲሊኮን ላስቲክ ኳስ ነበር፤ አንዳንዱ የደሙን ስብ እየጠጣ ያብጥና ይሰነጠቅ ነበር አሉ። ይህ ግን አይጠጣም፣ አያብጥም፣ ቶሎ አያልቅም። ልብ በቀን ወደ 100 ሺ ጊዜ ትመታለች። ያንቺን 16 ዓመት በስልኬ አሰላሁት፣ ከግማሽ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተከፍቶ ተዘግቷል። አንቺ ተኝተሽ፣ ስቀሽ፣ ከእኔ ጋር ተኳርፈሽ።

ዙሪያው ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፖሊስተር ነው፣ የቀሚስ ጨርቅ። እዚያ ላይ ሰውነት እንዲያድግበት ይፈለጋል፤ ሥጋው በክሩ መሃል ገብቶ እንዲይዘው። በአንዲት ትንሽ ዕቃ ላይ ዳሩ «ያዘኝ» ይላል፣ መሃሉ «አትንካኝ» ይላል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ስለ ቅቡ ሳነብ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። በቃ ደሟ ባዕድ መሆኑን አያውቅም፣ ኪኒን የለም፣ ምን የለም ብዬ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል፣ ፕላትሌቶች የሚባሉት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት ይከተላሉ፣ ከዚያ ይረጋል። ካርቦኑ ይህን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ደሙ ይታገሰዋል እንጂ አይረሳውም። የቀረውን ሰውየው ራሱ በየቀኑ ይከፍላል፣ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው ኪኒን፣ በዋርፋሪን፣ ዕድሜ ልክ። ያንቺን ኪኒን እኔ እንደ ቫይታሚን ነበር የማየው። በጾም ጎመን ስሠራልሽ «ከትናንቱ አታብዢብኝ» ስትዪኝ ቅብጠት መስሎኝ ስቄብሻለሁ። ለካ ጎመን የኪኒኑን ጉልበት ስለሚቀንስ አይኤንአርሽን፣ ደምሽ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ መለኪያ፣ እየጠበቅሽ ነበር።

እና ያኔ... ያ ጊዜ።

እህትሽ ደውላ ነገረችኝ። በዚያው ቀን ነው የሰማሁት፣ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽሽም። ቁጥርሽን አወጣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ። ላልታየ ልጅ ምን ተብሎ ይጽናናል? ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ መደወሉ ራሱ ሌላ ጥፋት መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም ሂሩትዬ። ፈርቼ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ይያያዝ ነበር አይያያዝ አልጠይቅሽም፣ ካልፈለግሽ አትንገሪኝ። ብቻሽን መተው አልነበረብኝም።

ይህን አሁን የማነሳው ደግሞ ሰሊ ስለጠየቀችኝ ነው፣ ይህም ያሳፍረኛል። ዶክተሩ ምርጫ ሰጥተዋታል። አንደኛው ይህ የካርቦኑ ነው፤ ለረጅም ዘመን ይቆያል፣ ግን ዋርፋሪን አለው፣ ዋርፋሪን ደግሞ ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጎዳው ይችላል። ያኔ ወደ ሄፓሪን፣ ወደ ጽንሱ ወደማያልፍ ሌላ የደም መርጊያ መከላከያ መርፌ፣ ይቀየራል አሉ፣ ግን ያኔ ቫልቩ ላይ ደም የመርጋቱ ስጋት ይጨምራል፣ ክትትሉም ከባድ ነው። ሁለተኛው ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራው ነው። ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፣ ግን ወጣት ላይ ቶሎ ያረጃል፣ ደረቷ እንደገና መከፈቱ አይቀርም።

ሰሊ ዝም ብላ ሰማቻቸው። ቤት ስንገባ «ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ፣ ግን ሁለተኛ መቀደድ አልፈልግም፣ ሂሩት ምን ትላለች?» አለችኝ። እኔ ያነበብኩትን ሁሉ ብነግራት ምን ይጠቅማታል? ከቫልቩ ጋር የኖርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ስለ ቅቡ አውቃለሁ፣ አንቺ ግን ሌሊቱን ታውቂዋለሽ፣ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲሄዱ ያለውን ጠዋት፣ ትንሽ ሲቆረጡ የሚመጣውን ድንጋጤ፣ ሌላም ሌላም።

ሐሙስ መልስ ይዘን ነው የምንሄደው። ደውዪላት። እኔን ማናገር ካልፈለግሽ እረዳሻለሁ፣ በእሷ ስልክ ደውዪ፣ ቁጥሯ አልተቀየረም። እዛ ሜሪላንድ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት ቢሆንም ግድ የለም፣ ትጠብቅሻለች። ምረጪላት አልልሽም፣ ያለፍሽበትን ብቻ ንገሪያት፣ ከባዱንም ሳትደብቂ።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። ስልክሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ድምፁን ቅጂላት። ያኔ የሰማችው ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ ትፈልጋለች። ለእሷ ስትልኪ ለእኔም ላኪልኝ።

ያንቺው ማርታ