ፍልሰታ ሳይገባ ስለ እናቶችና ሕፃናት ምግብ እንመካከር

ሰላም ለሁላችሁም፣ የእድራችን አባላት።

እሑድ ሐምሌ 20 ከቀኑ 9 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት በነፍሰ ጡሮች፣ በአራሶችና በሕፃናት ምግብ ላይ መስማማት አለብን።

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ሆኖም በብዙ ቤት የጾም ዕቃ ይነካካል ተብሎ የሕፃኑ ወተትና እንቁላል አብሮ ይቀራል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ብናስቀምጥ ይፈታል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ ነበሩ። ጾም ብቻውን ያመጣው አይደለም፣ ግን በእጃችን ያለውን እናስተካክል። «ነፍሰ ጡር እንቁላል ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናባታል» የሚባለውም እውነት እንዳልሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታስረዳናለች። ስለ ጾሙ የሚጠይቅ ካለ የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር።

ባሎችና አማቶች የግድ ይምጡ፤ በየቤቱ ማን ምን እንደሚበላ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። የገንፎ ማሳያ ስለምናደርግ የቻለ ጥቂት የገብስ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይያዝ።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ ስማችሁን እዚሁ ጻፉልን።