ድስቱ ወደ እማዬ ይምጣ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣
ለገጣፎ

እንደምን ከርመሻል? እማዬ፣ ጋሼና ልጆቹስ ደህና ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

የላክሽልኝን የኪችን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ዕቁብሽ ሲወጣልሽ የታችኛውን ካቢኔት በሙሉ አስፈርሰሽ አዲስ ልታሠሪ እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። እታለም፣ እባክሽ አታስፈርሺው። የሣጥኑ አካል ገና ጤነኛ ነው፤ ጎኖቹ አላበጡም፣ ወለሉም አልጎበጠም። ያስቸገራችሁ ጥልቀቱ ነው። ከፊት እስከ ኋላ 56 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚገባ፣ መሃሉ ላይ አንድ መደርደሪያ ብቻ ያለው ጨለማ ነው። ፊት ያለው ድስት ካልወጣ ኋላ ያለው አይገኝም። አዲስ አሠርተሽም በር ያለው ካቢኔት ከሆነ ያው ጨለማ ነው የሚመለስልሽ፤ ገንዘብሽ ለበሩ ቀለም ብቻ ይሄዳል።

እማዬ ጉልበቷን እያመማት በርከክ ብላ እጇን እስከ ትከሻዋ ታስገባለች ብለሽ የጻፍሽው እንቅልፍ ነሳኝ። እሷ ወደ ድስቱ መሄዷ ይቅርና ድስቱ ወደ እሷ ይምጣ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሳቢያ ነው፤ አሁን ያለው ሣጥን ውስጥ ይገባል።

እንደምታውቂው የምሠራው ኪችን በሚገጥሙ ሰዎች ዘንድ ነው። አሁን አሁን ከምድጃ አጠገብ ባለ በር ካቢኔት የሚያሠራ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም፤ ከታች ያለው ሁሉ የሚሳብ ነው። ሐሳቡ ግን የዛሬ አይደለም። እዚሁ ፍራንክፈርት በ1926 እ.ኤ.አ. ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለሠራተኛ ቤተሰቦች ቤት የሚሆን ትንሽ ኪችን ነደፈች፤ ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነው፤ 10,000 ያህል ቤት ውስጥ ተገጥሟል። አንዱ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሩዙ፣ ስኳሩ፣ ምስሩ እጀታ ባላቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ይቀመጣል፤ የዱቄቱ መሳቢያ ደግሞ ነቀዝ እንዳይገባው ከኦክ እንጨት ነው የተሠራው። ሴትየዋ የቤት እመቤት ኪችን ውስጥ የምታደርገውን እንቅስቃሴና የሚፈጅባትን ጊዜ ለክታ ነው ኪችኑን የነደፈችው። ያን ቀን እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ እማዬ ነበር። የእሷን ጎንበስ ቀና የለካላት ማንም የለም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ይህን ለአናጺው አንብቢለት፤ ጥሩ እጅ ያለው ሰው መሆኑን ከሠራው አልጋ አይቻለሁ፣ ልኩን ብቻ ይጠብቅልኝ።

መጀመሪያ ሐዲዱ፣ ማለትም መሳቢያው የሚንሸራተትበት ብረት። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ነጭ ቀለም የተቀባው፣ ባለ ፕላስቲክ ጎማው ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መሳቢያው ሦስት አራተኛው ብቻ ይወጣና የኋለኛው ድስት እዚያው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። እሱን አትግዢ። ሁለተኛው በኩሽኔታ የሚሄደው፣ ወደ 45 ሚሊ ስፋት ያለው፣ ሦስት ድርብ ሆኖ እስከ መጨረሻው የሚወጣው ነው። ደህናው ጥንድ እስከ 45 ኪሎ ድረስ ይሸከማል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ትንሽ ያልፋልና፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ጭነሽ ትስቢዋለሽ ማለት ነው። ለድስት ከበቂ በላይ ነው። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ይሁን፤ 56 ጥልቀት ውስጥ ከኋላ ትንሽ ትርፍ ይቀራል፣ ያ ትርፍ ያስፈልጋል።

ከዚያ ስፋቱ። ሥራውን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ይህ ነው። የምድጃው ጎን ካቢኔት ውጪው 80 ሴንቲ ነው ብለሻል። የጎን ሳንቃዎቹ እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ስለሆኑ ውስጡ 764 ሚሊ ይሆናል። ሐዲዱ በአንድ ወገን 12.7 ሚሊ ቦታ ይወስዳል፤ በሁለት ወገን 25.4። ስለዚህ የመሳቢያው ሣጥን ውጪው 738 ሚሊ መሆን አለበት። አናጺው «ግድ የለም፣ በዓይኔ እለካዋለሁ» እንዳይልሽ። ሁለት ሚሊ ከሰፋ ይጣበቃል፣ ሁለት ሚሊ ከጠበበ ይንገዋለላል። ቦርዱን የምትገዢበት ቤት የመቁረጫ ማሽን ካላቸው እዚያው ያስቆርጥ፤ በእጅ መጋዝ ይህ ልክ አይመጣም።

ይህ ቁጥር በሮቹ ከወጡ ነው። በሮቹ ባሉበት ቢቆዩ ግን፣ ሲከፈቱ ከማጠፊያው ጋር ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ መሳቢያው ይጋጫቸዋል፤ በየጎኑ 18 ሚሊ ሳንቃ ደርቦ ሐዲዱን እሱ ላይ ማሰር ግድ ይሆናል፣ ሣጥኑም 702 ይደርሳል። እኔ የምመርጥልሽ በሮቹን ማውጣት ነው። እማዬ በር ከፍታ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ እንደገና ጎንበስ ብላ ከምትስብ፣ እጀታውን አንዴ ስባ ብትጨርስ ይሻላል። አናጺው የካቢኔቱን ቀለም የሚመስሉ ሁለት ፊቶች አግድም ቆርጦ መሳቢያዎቹ ላይ ይሰር። አሮጌዎቹን በሮች አትጣዪ፤ የማጠፊያ ጉድጓድ ያለበትን ጠርዝ ቆርጦ ካነሳ የቀረው ለመሳቢያ ጎን ይሆናል።

ወለሉ ላይ አደራ። ብዙ ጊዜ ቀጭን ቦርድ ከሥር በምስማር ይመቱና ያስረክባሉ። 70 ሴንቲ ስፋት ላይ ድስት ሲደረደርበት መሃሉ ይረግባል፣ ውሎ አድሮም ምስማሩን ነቅሎ ይወርዳል። 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይሁን፤ በአራቱም ጎን ቦይ ተቆፍሮለት፣ ኮላ ተቀብቶ ይግባ። ሐዲዱን ሲያስር በውሃ ልክ ይመልከት፤ ብሎኑ ከ16 ሚሊ አይርዘም፣ አለዚያ 18ቱን ሳንቃ በስቶ ሊወጣ ይችላል። አስቀድሞ በቀጭን መብሻ ይብሳ፣ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ሳንቃ) ካልተበሳ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የሐዲዱን ሞላላ ቀዳዳዎች ብቻ ይሰር፤ መሳቢያው ገብቶ ወጥቶ ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ክቦቹን ያጥብቅ።

ታችኛው መሳቢያ ለረጃጅሞቹ ድስቶች ይሁን። ትልቁን የዶሮ ወጥ ድስት ከነክዳኑ ለክተሽ ሦስት ሴንቲ ጨምሪበት፤ ላይኛው መሳቢያ ከዚያ በላይ ይጀምር። ጎኖቹ ከ15 ሴንቲ አይብለጡ፣ የድስቱን ጆሮ ከጎን መያዝ እንድትችል። ላይኛው ለመጥበሻና ለትናንሾቹ ነው፣ 10 ሴንቲ ጎን ይበቃዋል። ክዳኖቹ አንዱ ጠርዝ ላይ ጠባብ ክፍል ተደርጎላቸው ቆመው ይቀመጡ። የሸክላ ድስቶቹ እየተንሸራተቱ እንዳይጋጩ ከሥር ላስቲክ ንጣፍ አንጥፊ። ምጣዱን ግን ለመሳቢያ አታስቢው፤ ወርዱ ወደ 60 ሴንቲ ስለሆነ ጥልቀቱ አይበቃውም፣ አክንባሎውም እንደዚያው። አሁን ካለበት አይነሣ።

ከዕቃ ማጠቢያው በስተግራ ያለውን ክፍል አውቀዋለሁ፣ አባታችን በብሎኬት ያሠራው ነው፤ ላዩ የኮንክሪት ጠፍጣፋ፣ ፊቱ ላይ በር ብቻ የተለጠፈበት። እዚያ ሐዲዱ በቀጥታ አይታሰርም፣ ግድግዳውም ቀጥ ያለ አይደለም። የሦስት ሳንቃ ሣጥን ተሠርቶ ውስጡ ይቁምና ሐዲዱ እሱ ላይ ይታሰር። ይህ ግን ይቆይ፤ መጀመሪያ የምድጃው ጎን ይለቅ።

ከማጠቢያው ሥር ምንም አታሠሪ። ውሃ ሲጠፋ የምታስቀምጫቸው ጀሪካኖች እዚያ ይሁኑ፣ ቧንቧውም ቢያንጠባጥብ ወዲያው ይታይሽ። ኤምዲኤፍ ጠርዙ ካልታሸገና ውሃ ከነካው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። አዲስ የሚቆረጠው ሳንቃ ሁሉ ጠርዙ በጥብጣብ ይሸፈን፣ የማይታየውም ጭምር።

ሐዲዱን ከዚህ በሰው ልልክ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ጥንድ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የመንገደኛ ሻንጣ መጫን ይከብደኛል። መርካቶ ታገኚዋለሽ። ሱቅ ውስጥ ዘርግተሽ ከጫፉ ወደ ታች ጫን በይው፤ የሚወዛወዝ ወይም የሚያንቋቋ ከሆነ ተይው። ከለገጣፎ መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀን ይፈጃልና እጀታውን፣ ብሎኑን፣ ኮላውን አብረሽ ያዥ። የዕቃውንም የአናጺውንም ሒሳብ እኔ እልካለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ይደርስሻል። ዕቁብሽን ለልጆቹ ትምህርት ቤት አድርጊው።

ከመግዛትሽ በፊት ግን የካቢኔቱን የውስጥ ስፋት ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ፣ ከላይም ከታችም ለክተሽ በሚሊ ጻፊልኝ። እኩል ካልሆኑ ትንሹን ነው የምንይዘው። የትልቁን ድስት ቁመትም አትርሺ። በቴሌግራም ብትልኪልኝ የእያንዳንዱን ሳንቃ ልክ ሠርቼ፣ ሥዕሉን ሥዬ እመልስልሻለሁ፤ አናጺው እሱን ይዞ ያስቆርጣል። የላይኛው መሳቢያ እጀታ በየትኛው ከፍታ እንደሚመቻት ደግሞ እማዬን ራሷን ምድጃው ፊት አቁመሽ ጠይቂያት።

ወንድምሽ፣
ከፍራንክፈርት